የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስና የኮሌጅ ፊዚክስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ለበዓል ቀን የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ዩኒቨርሲቲ እንገባለን ብለን ተስፋ ስለምናደርግ፣ እዚያ የሚጠብቀን ፊዚክስ እዚህ ከተማርነው በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶናል።

በቀድሞው ጊዜ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ኮሌጅ ሲገባ፣ መሠረታዊውን ፊዚክስ የሚማረው በፍሬሽማን ዓመት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ 11ኛና 12ኛን የመሰናዶ ክፍሎች ስላደረጋቸው፣ ይኸው ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደና ፍሬሽማን ቀረ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሷል። ስለዚህ የእኛ ዘመን ተማሪ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይማራል ማለት ነው። ከእኛ በፊት የገቡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ «አርእስቱ ሁሉ የምታውቁት ነው፤ አትፍሩ» ይሉናል። እነዚያው ሰዎች ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ሲደውሉልን ግን ድምፃቸው ሌላ ነው።

አርእስቱስ በእውነት አንድ ነው፤ ቬክተር፣ እንቅስቃሴ፣ ሙቀት፣ ሞገድ፣ ኤሌክትሪክ። ሁለት ዓመት የፈጀብንን እነርሱ በአንድ መንፈቅ ያልፉታል። ይሁን እንጂ ዋናው ልዩነት ጥድፊያው አይመስለንም።

ምሳሌ እንስጥ። ድንጋይ በአንድ ሜትር ሲባጎ አንጠልጥለን ብናወዛውዘው፣ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቢከብድም ቢቀልም ጊዜው ያው ነው። እኛ ፎርሙላውን በቃላችን እናውቃለን፤ ቁጥሩን አስገብተን መልሱን እናወጣለን። በመጽሐፋችን ውስጥ ግን «ማዕዘኑ ትንሽ ሲሆን» የምትል ሐረግ አለች፤ ሁላችን አንብበናት እናልፋለን። የኮሌጁ መምህር የሚጀምረው ከዚህች ሐረግ ነው። ለምን ትንሽ? ምክንያቱም ፎርሙላው የተገኘው በማዕዘኑ ሳይን ፈንታ ማዕዘኑን ራሱን በመተካት ነው። 10 ዲግሪ በራዲያን 0.1745 ሲሆን ሳይኑ 0.1736 ነው፤ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። 60 ዲግሪ ግን 1.047 ሲሆን ሳይኑ 0.866 ብቻ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን እስከ 60 ዲግሪ ስበን ብንለቀው የሚወዛወዝበት ጊዜ 7 በመቶ ያህል ይረዝማል፤ ያመንነውም ፎርሙላ ይከዳናል። እንግዲህ እኛ የምንጠየቀው «ስንት ነው?» ተብለን ሲሆን፣ እነርሱ የሚጠየቁት «ከየት መጣ? እስከ የትስ ይሠራል?» ተብለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገው መሣሪያ ካልኩለስ ነው። እርሱንም በ12ኛ ክፍል እንማረዋለን፤ ነገር ግን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ! ሒሳብና ፊዚክስ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተጻፉ፣ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ሰላም ሳይባባሉ ያልፋሉ። ሁለቱ መምህሮቻችን በወር አንድ ቀን አብረው ቢያስተምሩን ብለን በትሕትና እንለምናለን።

ላቦራቶሪያችንም በዚህ ዓመት የተከፈተልን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ምክንያቱን እናውቃለን፤ የመግቢያው ፈተና ምርጫ ስለ ሆነ፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ላቦራቶሪ መግባቱን ጊዜ እንደ ማባከን ይቈጥረዋል። ወላጆቻችንም ውጤታችንን እንጂ ምን እንደ ለካን አይጠይቁንም። በዚህ ግን አንፈርድባቸውም፤ እንዲገዙልን የምንለምናቸው የፈተና መልመጃ መጻሕፍትን ነውና። ሆኖም የላቦራቶሪው ቁልፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ለ11ኛ ክፍል ታናናሾቻችን እንዲሰጥ እንጠይቃለን፤ ለእኛስ ጊዜው አልፏል። ኃላፊነቱን ለመውሰድ ከመካከላችን አምስት ተማሪዎች ፈቃደኞች ሆነው ስማቸውን ጽፈዋል።

ድንጋዩና ሲባጎው ከዚህ አዳራሽ በስተ ኋላ ባለው ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። ሰዓት ያሰራችሁ አሥር ውዝዋዜ ቍጠሩ፤ መጀመሪያ በትንሹ፣ ቀጥሎም በሰፊው ስባችሁ።