መርፌ ሲሰበር፣ ክር ሲበጠስ ምን እናድርግ?

(የሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች በማኅበሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



በዛሬው ስብሰባ ላይ የስፌት መኪና መርፌ ሲሰበርና ክር ሲበጠስ ምን ማድረግ እንደሚገባ እንድንናገር ተጠይቀናል። «ይህ ደግሞ ምን ስብሰባ ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። ነገሩ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በከተማችን በጎንደር በፒያሳም ሆነ በቅዳሜ ገበያ በየሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ተዘርግቶ ይታያል። በሰፈራችንም በአንዲት መኪና ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ይጎርፋል፤ ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ የጥልፍ ቀሚስ ነው። ጥር 11 ቀን እንደሆነ መኪናዬ ተበላሽቶብኛል ላለ ሰው ብሎ አይዘገይም። በዚያ ጥድፊያ መካከል ክሩ በየስንዝሩ ሲበጠስ ሥራው ይስተጓጎላል፣ ደንበኛው ይቆጣል፣ የቀኑም ገቢ ይቀራል።

ለማለት የፈለግነው ባጭሩ ይኸ ነው፦ ክር ያለ ምክንያት አይበጠስም፣ መርፌም ያለ ምክንያት አይሰበርም። ምክንያቱን ሳያዩ ብሎን ማዞር ግን አንዱን ጥፋት ሁለት ያደርገዋል።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ከመካከላችን አንዲት እናት ክሩ እየተበጠሰ ቢያስቸግራቸው መኪናቸውን ወደ ጠጋኝ ወሰዱ። ጠጋኙ ከሥር ያለውን መንጠቆ ፈቶ፣ መልሶ አጥብቆ፣ ገንዘቡንም ተቀብሎ ሰደዳቸው። ቤት ሲደርሱ ክሩ እንዳለ ይበጠሳል። በኋላ ተሰባስበን ብናየው መርፌው ዞሮ ነው የገባው። መርፌውን ለማቃናት ከደቂቃ አላለፈም። ያለ አግባብ የተነካውን መንጠቆ ወደ ቦታው ለመመለስ ግን ሁለት ቀን ፈጀ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲገባን የመኪናውን አሠራር ጥቂት እንመልከት። የእጅ መርፌ ቀዳዳው ከበስተኋላው ነው፤ የመኪና መርፌ ግን ቀዳዳው ከጫፉ አጠገብ ነው። በዚህ ዓይነት መርፌና በሁለት ክር የሚሠራውን መኪና አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 በፓተንት አስመዘገበ፤ ሲንጀር የእሱን መኪና ያስመዘገበው በ1851 ነው። መርፌው ክሩን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ መነሣት ሲጀምር ክሩ ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ ከሥር ያለው መንጠቆ ያችን ቀለበት ይዞ በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፋታል። የላዩና የታቹ ክር የሚቆላለፉት በዚህ ጊዜ ነው። መንጠቆው መርፌውን ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶ ያልፋል። ስለዚህ መርፌው በጥቂቱ እንኳ ከጎበጠ ከመንጠቆው ወይም ከብረት ሰሌዳው ጋር ይጋጫል። ክሩም ቢሆን ስፌት ከመሆኑ በፊት በመርፌው ቀዳዳ ከ20 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። በመንገዱ ላይ ጥቂት ሻካራ ነገር ካለ ያን ያህል ጊዜ ይፋቃል ማለት ነው።

ስለሆነም ክር ሲበጠስ ወዲያው መልሶ ከመሰካት በፊት የተበጠሰውን ጫፍ አንሥቶ ማየት ይገባል። ጫፉ ራሱ ይናገራል።

በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ፣ በመንገዱ ላይ ስለት ያወጣ ብረት አለ። ጫፉ ተፍታቶ ጥጥ ከመሰለ፣ ክሩ እየተፋቀ ነው፤ ምናልባትም የመርፌው ቀዳዳ ለክሩ ጠቦታል። ተስቦ ቀጥኖ ከተጠቀለለ፣ ማጥበቂያው ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ወይም ክሩ አንድ ቦታ ተይዟል። የፖሊስተር ክር ሆኖ ጫፉ ቀልጦ እንደ እንክብል ከሆነ ደግሞ፣ በፍጥነት ብዛት መርፌው ግሏል።

ከዚህ ቀጥሎ ፍተሻውን በቅደም ተከተል እናስቀምጣለን። ከቀላሉና ከርካሹ እንጀምር፤ ብሎን መፍታት መጨረሻ ነው።

1ኛ፦ ክሩን አውጥቶ እንደገና መሰካት። ሲሰካ ጨርቁን የሚረግጠው እግር ወደ ላይ መነሣት አለበት። እግሩ ሲነሣ የማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች ይከፈታሉ፣ ክሩም በመካከላቸው በደንብ ይገባል። ከእኛ ልምድ እንደምናየው ብዙው ችግር እዚሁ ላይ ያልቃል። የክሩ ጥቅል ጠርዝ ተሰንጥቆ ክሩን እንዳይዝም ይታይ። ፀሐይ ላይ የከረመ ክር ይበሰብሳል፤ በእጅ ሳብ አድርጎ በቀላሉ የሚበጠሰውን መተው ነው። እናቶቻችን በእንዝርት የሚፈትሉት ፈትል ለሸማ እንጂ ለመኪና አይሆንም፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በመርፌው ቀዳዳ ላይ ይያዛል።

2ኛ፦ መርፌውን መለወጥ። በመርፌው ጎን ላይ ረጅም ቦይ አለ። ይህ ቦይ ሁልጊዜ ክሩ በሚገባበት በኩል መዞር አለበት፤ ክሩ ከፊት የሚገባ ከሆነ ወደ ፊት፣ ከግራ የሚገባ ከሆነ ወደ ግራ። አሮጌው ጥቁር የእግር መኪናም ሆነ የፋብሪካው ዓይነት በዚህ ሕግ ይተዳደራል። መርፌው እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ተገፍቶ ይጥበቅ። የቤት መኪና መርፌ አናቱ ባንድ ወገን ጠፍጣፋ ሲሆን የፋብሪካው ድቡልቡል ነው፤ አንዱን ለሌላው «ይሄዳል» ብሎ መክተት መርፌም መንጠቆም ያስፈጃል። መርፌው ጎብጦ እንደሆነ ለማወቅ ጠፍጣፋውን ወገን በመስተዋት ላይ አስተኝቶ ማየት ነው። በመርፌውና በመስተዋቱ መካከል ያለው ክፍተት እስከ ጫፉ እኩል ካልሆነ ይጣል።

3ኛ፦ የመርፌውን ቁጥር ከጨርቁ ጋር ማስማማት። ፓኮው ላይ ለምሳሌ 90/14 ተብሎ የተጻፈው 90ው የመርፌውን ውፍረት ይነግረናል፤ 0.90 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 75፣ ለአቡጀዴና ለሸሚዝ 80 ወይም 90፣ ለካኪና ለጂንስ 100 ወይም 110 ይሻላል። ለቲሸርትና ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌ አለ። የጥልፍ ቀሚስ ደረት ከነገበሩ ሲደራረብ በስስ መርፌ መድፈር ገንዘብን መጣል ነው።

4ኛ፦ የእጃችንን ልማድ መመልከት። ብዙ መርፌ የሚሰበረው በመኪናው ሳይሆን በእጅ ነው። ጨርቁን ከኋላ የሚጎትት ሰው መርፌውን ያጎብጠዋል፤ የጎበጠውም ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ጨርቁን መኪናው ራሱ ይሳበው፤ የእኛ እጅ ይምራው እንጂ አይጎትተው። የጂንስ እጥፋት ላይ ሲደርሱ ስፌቱን አስቀድሞ በመዶሻ ወይም በዘነዘና ቀጥቅጦ ማለስለስና መዘውሩን በእጅ እያዞሩ ቀስ ብሎ ማለፍ ነው። የእግር መኪና ለሚለማመዱ ልጆችም እንንገራቸው፦ በአብዛኞቹ መኪናዎች መዘውሩ ላዩ ወደ ሰፊው ነው የሚዞረው። ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይተበተባል፣ ይበጠሳልም።

5ኛ፦ ማጽዳትና ዘይት መቀባት። በበጋ የከተማችን አቧራ ከጨርቁ ብናኝ ጋር ተደባልቆ በቦቢኑ ቤት ሥር ይጋገራል። በየቀኑ በትንሽ ብሩሽ ይጠረግ። ዘይቱም የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ ከጓዳ የኑግ ዘይት አምጥቶ ማፍሰስ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ሲሰነብት ግን እንደ ሙጫ ይይዛል። ከደባርቅና ከዳባት ለሚመጡ ወንድሞቻችን አንድ ነገር እንጨምር፦ በደጋው ብርድ ዘይቱ ጠዋት ጠዋት ይወፍራል፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መዘውሩን ጥቂት ጊዜ በእጅ አዙሮ መኪናውን ማፍታታት ይበጃል።

6ኛ፦ ጭረት መፈለግ። ቀደም ሲል የተሰበረ መርፌ በብረት ሰሌዳው ቀዳዳ ወይም በመንጠቆው ላይ ጭረት ትቶ ይሄዳል፤ ያ ጭረት ነው ከርሞ ክር የሚቆርጠው። ጥጥ ወይም አሮጌ የናይለን ካልሲ ቢያስነኩት ይይዘዋል። ትንሽ ከሆነ በጣም በለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ማለስለስ ይቻላል።

7ኛ፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ ማጥበቂያውን መንካት፤ እሱም በሩብ ዙር፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እየሞከሩ። ይህም ካልበጀ ያን ጊዜ ወደ ጠጋኝ ይሂድ። ሲሄዱም የተሰበረውን መርፌና የተበጠሰውን ክር ይዘው ይሂዱ፤ ለባለሙያው ከብዙ ወሬ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ኦቨርሎክ እንለፍ። ኦቨርሎክ የጨርቁን ጠርዝ እየቆረጠ ይዘመዝማል። በ3፣ በ4 ወይም በ5 ክር የሚሠራ ሲሆን ቦቢን የለውም፤ በቦቢን ፈንታ ሉፐር የሚባሉ የላይና የታች ክር አቀባዮች አሉት። እዚህ ላይ ዋናው ምሥጢር የአሰካክ ተራ ነው፦ መጀመሪያ የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው ሉፐር፣ መጨረሻ መርፌው። የታችኛው ሉፐር ክር ብቻ ተበጠሰ ብለን እሱን ብቻ ብንሰካ የመርፌው ክር በላዩ ላይ ስለሚተኛበት ሁለትና ሦስት ስፌት ሄዶ እንደገና ይበጠሳል። ብዙዎች «ይህ መኪና ጠላኝ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ የመርፌውን ክር አውጥቶ፣ የታችኛውን ሰክቶ፣ መርፌውን እንደገና በመጨረሻ መስካት ነው። ቢላዋው ሲደነዝዝም ጨርቁ ሳይቆረጥ ይከማችና መርፌውን ያጎብጠዋል። በጨርቁ ላይ የተረሳ ስፒል ደግሞ ቢላዋውን ይሰብራል፤ ስለዚህ ስፒል ከቢላዋው ሳይደርስ ይነቀል።

በመጨረሻም ከገንዘብ የሚበልጠውን እንናገር። የተሰበረ መርፌ ስባሪው ወደ ዓይን ሊወነጨፍ ይችላል። በፍጥነት ሲሰፉ ፊትን ከመርፌው ራቅ ማድረግ፣ መነጽር ያለውም ማድረግ ይገባዋል። መርፌ በተሰበረ ጊዜ ስባሪው ሁሉ ተፈልጎ ይሰብሰብ፤ ገጣጥመን ሙሉ መርፌ እስኪሆን ድረስ ልብሱ ለባለቤቱ አይሰጥ። ያ ቁራጭ በሕፃን ዩኒፎርም ስፌት ውስጥ ቢቀር ወይም በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ቢረግጠው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አንነግራችሁም። መብራት ሲጠፋም እግራችንን ከመርገጫው አንሥተን የመኪናውን ማብሪያ እንዝጋ፤ መብራቱ በድንገት ሲመጣ መኪናው ይነሣና ጣት ይወጋል።

እንግዲህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰፊ ከመኪናው አጠገብ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አስቀምጦ የመርፌ ስባሪ ሁሉ እዚያ ይግባ። ሁለተኛ፣ መርፌ በፓኮ ስንገዛ እየተነጋገርን ቁጥሩንና ዓይነቱን ብንካፈል፣ አንዱ የጎደለው ከሌላው ያገኛል። ሦስተኛ፣ መኪና ያስቸገረው ሰው ለጠጋኝ ከመክፈሉ በፊት በቅድሚያ ጎረቤቱን ይጥራ። ሁለት ሰው ያየው ነገር ቶሎ ይገኛል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

የጥምቀት ሥራ ከመድረሱ በፊት ሁላችንም መኪናችንን በዚህ ተራ ብንፈትሽ መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።



የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች