የተተከለው አካል የተቀባዩን ደም ሲቃወም

ስለ ንቅለ ተከላ ሲነሳ ሁላችንም የምንፈራው የታማሚው ሰውነት አዲሱን ኩላሊት ወይም ጉበት እንዳይቃወም ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ተቃራኒው ነው።

ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 ቪየና ውስጥ የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ ካሳየ በኋላ፣ «ኦ ለሁሉም ይሰጣል» የሚለው ትምህርት ሥር ሰደደ። ለቀይ የደም ሕዋስ ትምህርቱ ልክ ነው። ኩላሊትና ጉበት ግን ታጥበው እንኳ ሊምፎሳይት የተባሉትን የለጋሹን ነጭ የደም ሕዋሶች ይዘው ይመጣሉ፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ደግሞ ከእነሱ መካከል ናቸው።

በ1954 ቦስተን ላይ ጆሴፍ መሪ የተሳካውን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያካሂድ ለጋሽና ተቀባይ ፍጹም ተመሳሳይ መንታ ስለነበሩ፣ የደም ዓይነት ጥያቄ ሊነሳ አይችልም ነበር። የለጋሹ ሊምፎሳይቶች የተቀባዩን ደም መቃወማቸው ጎልቶ የታየው በ1980ዎቹ ነው። ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት የተቀባዩን መከላከያ ሲያዳክም፣ እንግዶቹ ሊምፎሳይቶች የሚያጠፋቸው አጡ። በ1984 የፒትስበርግ ሐኪሞች ጉበት በተተከለላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ያገኙት ፀረ እንግዳ አካል ከተተከለው ጉበት የመነጨ መሆኑን አሳተሙ።

አልጋው አጠገብ ሲታይ እንዲህ ነው። የደም ዓይነቷ ኤ የሆነ ሴት ከኦ ወንድሟ ኩላሊት ተቀበለች እንበል። ሽንቷ በደንብ ይወርዳል፣ ቁስሉም እየዳነ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሂሞግሎቢኗ ያሽቆለቁላል፣ ዓይኗ ቢጫ ይሆናል። ሐኪሙ የሚደማ ቦታ ፈልጎ ያጣል። ሮቢን ኩምብስና ባልደረቦቹ በ1945 ያስተዋወቁት ምርመራ ሲሠራ ግን ቀይ ሕዋሶቿ በፀረ ኤ ተሸፍነው ይገኛሉ። ኤ የሆነ ሰው ፀረ ኤ አያመርትም! አምራቾቹ የወንድሟ ሊምፎሳይቶች ናቸው።

አደጋው ከኩላሊት ይልቅ በጉበት፣ ከጉበትም ይልቅ በልብና ሳንባ ጥምር ንቅለ ተከላ ይበዛል፤ አካሉ የሚሸከመው ሊምፎሳይት በጨመረ ቁጥር ያይላል። ደግነቱ እንግዶቹ ብዙም አይቆዩም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ገደማ ይጠፋል። እስከዚያ ደም ካስፈለጋት የሚሰጣት ኦ ነው። የራሷን ዓይነት ኤ ብንሰጣት የሚፈርሰውን ሕዋስ እናበዛለን።

በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር ለጋሾቹ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች ነበሩ። በአንድ ቤት ኦ ወንድምና ኤ እህት መገኘት የተለመደ ስለሆነ፣ ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ካርዷ ላይ ኤ ተጽፎ ኦ ደም ሲሰቀልላት ያዩ እናት «ተሳስተው ነው» ብለው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ምክንያቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ገና ለጋሹ ሲመረጥ፣ ለቤተሰቡ ይነገር።