የሚያጋድሉ አሮጌ መስኮቶች ሚዛንና መለዋወጫቸው



ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ አይደለም። በጉለሌ በአንዳንድ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ስለሚታየው፣ ክፈፉ ከብረት ስለተሠራው የሚያጋድል መስኮት ነው። ይህ መስኮት በማጠፊያ አይከፈትም፤ በግራና በቀኝ ጎኑ፣ ከወገቡ ጥቂት ከፍ ብለው በተተከሉ ሁለት መዞሪያዎች ላይ ይዞራል። ሲከፈት ላይኛው ግማሽ ወደ ውስጥ፣ ታችኛው ግማሽ ወደ ውጭ ያጋድላል። ስለሆነም የሞቀው ዐየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል፤ ዝናቡም በመስተዋቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ውጭ ይወርዳል።

መዞሪያው ሲበላ ግን መስኮቱ በተፈለገው ማእዘን አይቆምም። ድንገት ይወርዳል፤ መስተዋቱም ይሰበራል። በጉለሌ በተመለከትኩት በአንድ አሮጌ የሕክምና ክፍል ከስምንት መስኮቶች አምስቱ በብየዳ ተዘግተው ነበር። ለብየዳው ሠራተኛ ይህ መፍትሔ ነው፤ ለሕመምተኛው ግን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በተፈጥሮ ዐየር ለሚናፈሱ አዲስ ወይም በሰፊው ለሚታደሱ የሕክምና ሕንፃዎች፣ በተራ ክፍል ለአንድ ሕመምተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር ዐየር እንዲገባ ይመክራል። እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ በዐየር የሚተላለፍ በሽታ ለሚታከምበት ልዩ ክፍል መጠኑ 160 ሊትር ነው። አሮጌውን አንሥቶ በአሉሚኒየም ተንሸራታች መስኮት መተካት ዛሬ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ክንፍ ተንሸራታች መስኮት ቢበዛ ግማሹን ብቻ ይከፍታል።

የመዞሪያውን መለዋወጫ በመርካቶ ሱቆች ብጠይቅ የቀረበልኝ ሁሉ ለማጠፊያ መስኮት የሚሆን ነበር። በበኩሌ ሱቅ ለሱቅ ከመዞር በፊት መስኮቱን መመዘን ይቀድማል እላለሁ። ምሳሌ ልስጥ። ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ ክንፍ በ4 ሚሊ ሜትር መስተዋት ሲሸፈን፣ መስተዋቱ 12 ኪሎ፣ ብረቱ 9 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ 21 ኪሎ ይሆናል። መዞሪያው ከስበት ማእከሉ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ ክንፉ ሙሉ በሙሉ ሲያጋድል ወደ መዘጋት የሚመልሰው ኀይል 5 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይህን የሚቋቋመው በመዞሪያው ውስጥ ያለው ሰበቃ ብቻ ነው።

አሁን ታችኛው መስተዋት ተሰብሮ በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተተካ እንበል። ላሜራ ከባድ ይመስለናል፤ ነገር ግን አንድ ካሬ ሜትሩ 8 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ የመስተዋቱ ግን 10 ኪሎ ነው። ታችኛው ግማሽ ከአንድ ኪሎ በላይ ይቀልላል፤ የመመለሻው ኀይልም ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ያጣል። ላሜራው ከላይ ቢገባ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ኀይሉ በሁለት ሦስተኛ ያህል ጨምሮ ሰበቃውን ያሸንፋል። ስለዚህ መዞሪያው ተበላ ከመባሉ በፊት ከመስኮቱ ላይ ላሜራውን ማንሣት ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ነው የመለዋወጫው ሥራ የሚመጣው። ከሁሉ ያነሰ የተበላውን መዞሪያ መርጦ መለካት፣ ንድፉን ማንሣት፣ ከዚያም ለቶርኖ ሠራተኛ መስጠት ነው። (ቶርኖ፣ ሞላ፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ፤ የጣልያን ቃላት ከእጅ ጥበባችን ጋር እንዴት እንደተዋሐዱ አንድ የቋንቋ ሰው ቢጽፍልን መልካም ነበር።) ለሚዞረው ክፍል የናስ ዘንግ እመርጣለሁ፤ ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር በክረምቱ እርጥበት ዝጎ ይያያዛልና። አሮጌ ናስ ምናለሽ ተራ ይገኛል። ሰበቃውን የሚሰጡት ሮንዴላዎች በአንድ ብሎን የሚጠብቁ መሆን አለባቸው፤ ሲላሉ ጥገናው በመፍቻ ብቻ እንዲያልቅ።

ለመፈተኛ የእጅ ሞላ ሚዛን ይበቃል። ክንፉ ተዘግቶ ሳለ ሚዛኑን በታችኛው ጠርዝ አያይዞ ወደ ውጭ መሳብ ነው። ከላይ በጠቀስኩት ልክ ክንፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቢያንስ 850 ግራም ማንበብ አለበት፤ እኔ ለመበላቱ ታስቦ እስከ 1 ኪሎ ተኩል እንዲጠብቅ አደርጋለሁ። ልኬቱ በክፍሉ መዝገብ ይጻፍ፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ የጥበቃ ሠራተኛውም ቢሆን ሊደግመው ይችላል።