ያልተሰበረው ዕቃ ለምን ተለወጠ?

ስለ መኪና የጭስ ማውጫ ጋስኬት ለገበሬዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር



ባለፈው እሑድ የሒሳብ ሹማችን የመኪናችንን የጥገና ደረሰኝ ቆመው አነበቡልን። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ነው። ቢሆንም አንዲት መስመር አልዘለሉም። «ብሎን፣ አንድ» አሉና አለፉ። «የጭስ ማውጫ ጋስኬት፣ አንድ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። «የተሰበረው ብሎኑ ነው። ጋስኬት የተባለው አልተሰበረም። አሮጌውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ሌላ ማስገዛት ምን የሚሉት ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዶቻችሁም አጉረመረማችሁ፤ ሰምቻለሁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሁላችን ነው። መኪናውን የፈታሁት እኔ ነኝና መልሱም የሚጠበቀው ከኔ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። ጋስኬት ማለት በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ስስ መድፈኛ ነው። የድሮ መካኒኮች ጓርኒሲዮን ይሉታል። ቃሉ የጣሊያን ነው። ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ የምንላቸውም እንደዚሁ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ስሙ ሲከብድባችሁ «መድፈኛ» ብትሉት ማንም መካኒክ ይገባዋል።

ቤንዚን በሞተሩ ውስጥ ሲቃጠል ጭስ ይሆናል። ጭሱ ከሞተሩ ራስ በየቀዳዳው ይወጣና በአንድ ወፍራም ብረት ውስጥ ይሰበሰባል። ከዚያ በቧንቧ ወርዶ፣ በማርሚታው አልፎ፣ ከመኪናው ኋላ ይወጣል። የሞተሩ ራስና ይህ የጭስ መሰብሰቢያ ብረት በብሎንና በዳዶ ይያያዛሉ። ሁለቱም ፊታቸው ለጥ ያለ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጎድጎድ ያለ፣ የተጫረ፣ በሙቀት ብዛት የተጣመመ ቦታ አይጠፋውም። ጋስኬቱ መካከል ገብቶ ዳዶው ሲጠብቅበት ይጨፈለቅና ያንን ጉድጓድ ሁሉ ይሞላል።

እናቶች ይህን ነገር ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። አረቄ ሲወጣ ማሰሮውና መቃው የሚገናኙበት ቦታ ይመረጋል። ካልተመረገ እንፋሎቱ በየጎኑ ይወጣል፤ አረቄውም ይቀራል። ሥራው ሲያልቅ ምርጊቱ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ ይነሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ደረቅ ምርጊት ለቅማ መልሳ የምትለጥፍ ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም። አዲስ ታቦካለች እንጂ።

የመኪናው መድፈኛም ከዚህ አይለይም። አንድ ጊዜ ተጨፍልቋል። የተጨፈለቀው ደግሞ በዚያን ጊዜ በነበረበት ቦታ ልክ ነው። ቀጥሎ ተጠበሰ። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ በኛ ደጋ እንዲያውም ከዚያ ቀድሞ ይፈላል። የቤንዚን ሞተር ጭስ ግን መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ብረቱ በየቀኑ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። መድፈኛው በዚህ መካከል ሆኖ ዓመታት ቆየ። ለስላሳነቱ አልቋል። አውጥታችሁ መልሳችሁ ስታስገቡት ቀድሞ በተጨፈለቀበት ቦታ ላይ በትክክል አያርፍም። በፀጉር ስፋት ፈቀቅ ቢል ይበቃዋል፤ ጭሱ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ አለመሰበሩን ያዩት የሒሳብ ሹማችን ልክ ናቸው፤ አልተሰበረም። ሥራውን ግን ጨርሷል።

«ታዲያ ትንሽ ጭስ ቢወጣስ? መኪና መቼም ያጨሳል» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ።

በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎች ወሬ ያልሰማ እዚህ መካከል የለም። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ነው። ይኸው አየር ከቤንዚን ሞተርም በብዛት ይወጣል። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። የጭሱ ሽታ ሌላ ነው፤ ሽታው ስለጠፋ አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ደማችን ለመላ ሰውነታችን የሚያደርሰው ኦክስጅን የሚባለውን ጥሩ አየር ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ደሙን ይይዘዋል። ቦታውን ከያዘበት ኦክስጅኑ በምን ይሂድ? መጀመሪያ ራስ ያማል። ቀጥሎ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ጉልበት ይከዳል። ከበዛ ሰው ራሱን ስቶ ይሞታል። በነፍሰ ጡር ሴት ሆድ ያለው ፅንስ ደግሞ ከእናቱ ይበልጥ ይጎዳል።

የኛ መኪና ምን ትጭናለች? ቅዳሜ እህል ትጭናለች። ሌሊት ሲሆን ግን ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የምትወስደው እሷ ናት። ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ይዘጋል፤ የኋላው ሸራ ይወርዳል። ከሞተሩ አጠገብ የሾለከው ጭስ በእግር መርገጫው ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በጋራዥ ረዳት ሳለሁ የአንድ ሰው መኪና በእጄ አልፏል። የጭስ ማውጫውን ፈትተን ሌላ ነገር ጠገንን። ለመግጠም ስንል አዲስ መድፈኛ በከተማው ጠፋ። ባለመኪናው ቸኩሏል። እኔም አሮጌውን በጨርቅ ጠራርጌ፣ ገልብጬ፣ ማጣበቂያ ቀብቼ መለስኩት። ሲነሳ ድምፁ ጸጥ አለ። ጎበዝ ተባልኩ። ሰውየው ያን ሌሊት ከነቤተሰቡ ረጅም መንገድ ሄደ። ዝናብ ስለነበረ መስኮት አልከፈቱም። ሚስቱና ልጁ አስመለሳቸው፤ እሱንም ራሱን ፈለጠው። መንገዱ ነው ያመማቸው ብሎ ዝም አለ። ሻይ ለመጠጣት ወርደው ጥቂት ሲቆዩ ተሻላቸው። ተመልሰው ሲገቡ ደግሞ ባሰባቸው። በሳምንቱ መኪናውን ይዞ መጣና ሲከፈት፣ እኔ በገጠምኩት ላይ ዙሪያውን ጥላሸት ለብሶ አገኘነው። ሰው አልሞተም። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አሮጌ መድፈኛ ገልብጬ አላውቅም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ምልክት ያዙ። መንገድ የሚያመው ሰው አንዱን ነው፤ ሌላው ደህና ይሆናል። በመኪናው ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ከወረዱ በኋላ ከተሻላቸው ግን ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። መስኮቱን ክፈቱ፤ መኪናውን አቁሙ፤ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ። የከበደበት ካለ በሌላ መኪና ወደ ሐኪም ውሰዱ።

አሮጌ መድፈኛ ፈጽሞ አይመለስም ወይ? እውነቱን ለመናገር የሚመለስ አለ። ከመዳብ ብቻ የተሠራ ድፍን ቀለበት ከሆነ፣ ካልተሰነጠቀና ካልሳሳ፣ በእሳት ቀላ እስኪል ሞቆ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለሰልሳል። ውሃ ውስጥ ቢነከርም ያው ይለሰልሳል። ብረት ቀጥቃጮቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል። ማረሻ በእሳት ሞቆ ውሃ ሲነከር ይጠነክራልና። መዳብ ግን ጠባዩ የተገላቢጦሽ ነው። የኛ መኪና መድፈኛ መዳብ አይደለም፤ በስስ ቆርቆሮ የተሸፈነ ጭረት ነው። እሱን እሳት አያድሰውም።

መንገድ ላይ፣ ሱቅ በሌለበት ቦታ የተያዘ ሰውም አሮጌውን መልሶ እስከሚቀጥለው ከተማ ቢሄድ አልፈርድበትም። መስኮቱን ከፍቶ፣ ሰው ከኋላ ሳይጭን ይሂድ። ከተማ ሲደርስ ግን ይለውጠው። ካርቶን ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ፤ ካርቶን ይነዳል። የብስኩት ቆርቆሮ የሚቆርጡም አሉ፤ እሱ አይነድም፣ ግን ስለማይጨፈለቅ አይደፍንም።

ወጪውንም እንየው። መድፈኛው ከሥራው ክፍያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ትልቁ ድካም መፍታቱ ነው። የጭስ ማውጫ ብሎን ዝጎ ይይዛል። ማታ ዘይት አጠጥተነው እንኳ ጠዋት አንዱ እንደተሰበረብን አይታችኋል። አሮጌውን መልሰን ቢያፈስ ኖሮ ያንኑ ሁሉ እንደገና መፍታት ነበረብን። ሌላ ብሎን፣ ሌላ የሥራ ቀን፣ ሁለተኛ ክፍያ። በዚያ ላይ ሹልክ የሚለው ጭስ ትኩስ ስለሆነ ብረቱን እየበላ ይሄዳል። ብረቱ ከተበላ የሚገዛው መድፈኛ ሳይሆን ሙሉው የጭስ መሰብሰቢያ ነው።

አሮጌው መድፈኛ ይኸው፤ እየተቀባበላችሁ እዩት። በላስቲክ ውስጥ ነው፤ ላስቲኩን ግን አትክፈቱ። ምክንያት አለኝ። በድሮ መድፈኛዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል እሳት የማይበላው ጭረት ይደረግ ነበር። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰርና ሌላ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ይኸኛው ያ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይለይም። ስለዚህ ሲነሳ በውሃ አረጠብኩት፤ በቀስታ ፋቅሁት፤ በአየር አላስነፋሁትም። ረዳት የሆኑ ልጆች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው። ደረቁን በብረት ብሩሽ ሲፍቁ ብዙ ጊዜ አያለሁ።

አሁን እናንተ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? መኪና መፍታት አይጠበቅባችሁም። ጆሮና ዓይን ይበቃል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ፣ ሲሞቅ ድምፁ ከጠፋ፣ የጭስ ማውጫው እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ሲሞቅ አብጦ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ነው ድምፁ የሚጠፋው። መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁም ያው ነው። ሞተሩ ገና እንደተነሳ፣ ሳይሞቅ፣ የሳሙና ውሃ በመገጣጠሚያው ላይ ቀባ ቢደረግ የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ይነፋል። ነጠላና እጃችሁን ግን ከሚዞረው ነገር አርቁ።

ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ «አሮጌውን ዕቃ አሳየኝ፤ አዲሱንም ሳይገጠም አሳየኝ» በሉ። ደህና መካኒክ በዚህ አይቆጣም። ዳዶውን ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ጥቂት በጥቂት እያዳረሰ ሲያጠብቅ እዩት። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ከሆነ መድፈኛው አዲስ ቢሆንም አያርፍም። የተለወጠበትን ቀንም በመኪናው ደብተር ላይ ጻፉ። የኛን ሹፌሩ ትናንት ጽፎታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይነበባል።

አንድ ሥራ ይቀረኛል። አዲስ መድፈኛ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ትንሽ ስለሚረግብ ዳዶዎቹ እንደገና መታየት አለባቸው። ይህ የሚደረገው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እህል ከመጫኑ በፊት፣ ማንም መኪናውን ሳያስነሳ እመጣለሁ። የሒሳብ ሹማችን፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል። የሳሙናውን ውሃ እርስዎ ይቀቡታል።