የማራገቢያው ጩኸትና የደጋው አየር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የደብረ ታቦር ስም በመሐንዲሶች ዘንድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነበር፤ መድፉም በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። ከዚያ ሥራ አጠገብ ሲቆም የዛሬው ርእስ እጅግ ያነሰ ይመስላል። ይኸውም የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የኃይል ማቀበያ ማራገቢያ ለምን ይጮኻል? ሲጮኽስ ምን ይደረግ? የሚል ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ሥራ መሠረት አንድ ነው። አንጥረኛ በወናፉ አየር የሚነፋው እሳቱን ለማፋፋም ሲሆን፣ ማራገቢያው ደግሞ የሚነፋው ሙቀቱን ለማስወጣት ነው። የአየርንና የሙቀትን ግንኙነት ያላወቀ ሰው ሁለቱንም በደንብ ሊሠራ አይችልም።

ጉዳዩ የጆሮ ምቾት ብቻ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ደጋ በሚገኝ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የብዙ ዓመት መዝገብ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተከማችቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ጩኸቱ ያሰለቸው ሠራተኛ የማራገቢያውን ሽቦ ነቅሎ ወይም ቆርጦ ክፍሉን ጸጥ ቢያሰኝ ለጊዜው የተሳካለት ይመስለዋል። ኃይል ማቀበያው ግን በውስጡ እየጋለ ይሄዳል፤ ካፓሲተሮቹ ይደርቃሉ፣ ያብጣሉም። በመጨረሻ ዕቃው ሲቃጠል አብሮት የሚጠፋው ምናልባት የመዝገቡ ብቸኛ ቅጅ ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የኃይል ማቀበያው ተግባር ከግድግዳው የሚመጣውን የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። ኮምፒዩተሩ 200 ዋት ቢፈልግና የማቀበያው ብቃት ከመቶ 80 ቢሆን ከግድግዳው 250 ዋት ይወሰዳል። ትርፉ 50 ዋት በትንሿ የብረት ሣጥን ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ያንን የሚያስወጣው ማራገቢያው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የአገሩ ከፍታ ይገባል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ከተማ ነው። በባሕር ወለል አጠገብ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን በደብረ ታቦር 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ማራገቢያ በአንድ ፍጥነት የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ሙቀትን የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ የሚያልፈው አየር ከባሕር ወለሉ ይልቅ በሲሶ ያህል አብዝቶ ይሞቃል። «አገሩ ብርድ ስለሆነ ማሽኑ አይሞቅም» የሚለው አባባል እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ብርዱ ይረዳል፤ የአየሩ መሳሳት ደግሞ ከረዳው ላይ ይቀንሳል።

ፍጥነታቸው በሙቀት የሚወሰን ማራገቢያዎች ይህን ጉድለት የሚያካክሱት በፍጥነት በመሽከርከር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይጨምራልና በቆላ ጸጥ ያለ ማሽን ደጋ ሲወጣ ድምፁ ጎላ ቢል የሚያስደንቅ አይደለም። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ። በታኅሣሥና በጥር ከየአውድማው የሚነሣው የገብስና የጤፍ ብናኝ፣ የመንገዱም አቧራ በክፍት መስኮት ገብቶ በማራገቢያው ክንፎች ላይ ይጋገራል። ክብደቱ በክንፎቹ ላይ እኩል ስለማያርፍ ማራገቢያው ይንቀጠቀጣል፤ የአየር መውጫውም ይጠባል።

ከመፍታት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። ሥራ ሲበዛ ከፍ፣ ሲቀንስ ዝቅ የሚል የነፋስ ድምፅ ጤናማ ነው፤ ጽዳት ብቻ ይበቃዋል። በብርዳማ ጠዋት ሲነሣ አቃስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚተው ከሆነ የኩሽኔታው ዘይት መድረቁን ወይም መወፈሩን ያመለክታል። የማያቋርጥ መንኳኳት ወይም መፋጨት ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፣ ሽቦ ክንፉን ይነካል፣ አለዚያም ብሎን ላልቷል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ድምፁ ከማራገቢያው ጋር ቀስ እያለ ከቆመ ምንጩ ማራገቢያው ነው። ወዲያው ድርግም ካለና ማራገቢያው ገና እየዞረ ከሆነ ግን የጩኸቱ ምንጭ ሌላ የኤሌክትሪክ ክፍል ስለሆነ ማራገቢያ መለወጥ አይፈታውም።

ጽዳቱ ከውጭ ሊከናወን ይችላል። ሶኬቱ ይነቀላል፤ አየር በሚነፋበት ጊዜ ክንፎቹ በቀጭን እንጨት ተይዘው እንዳይዞሩ ይደረጋል። አለዚያ ከልክ በላይ ተሽከርክረው ኩሽኔታውን ይጎዳሉ። ሣጥኑን መክፈት ግን ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የተተወ ነው። በውስጡ ያለው ትልቅ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ፣ በአንዳንዶቹም 400 ቮልት የሚጠጋ ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይሉ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል። ባለሙያውም ቢሆን በቮልት መለኪያ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ እጁን አይሰድም።

በደረቀ ኩሽኔታ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ጥቂት ወራት ያቆያል። የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ ሙጫ ስለሚሆን ጉዳቱን ያብሳል። እውነተኛው መፍትሔ መለወጥ ሲሆን አዲሱ ማራገቢያ በመጠኑ፣ ማለት 80 ወይም 120 ሚሊ ሜትር፣ በ12 ቮልቱ፣ በአየር ማስተላለፍ አቅሙና በነፋሱ አቅጣጫ ከአሮጌው ጋር መስማማት አለበት። ድምፁ እንዲቀንስ ተብሎ ቮልቱን ዝቅ ማድረግ ወይም ደካማ ማራገቢያ መግጠም በቆላ የሚያስኬድ ቢመስል እንኳ አየሩ በሳሳበት ደጋ ፈጽሞ የሚመከር አይደለም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ጩኸቱ ማሽኑ ሕመሙን የሚናገርበት ቋንቋ ነውና ሽቦውን የቆረጠ ሰው የዘጋው የሕመምተኛውን አፍ ነው እንጂ ሕመሙን አይደለም። ስለሆነም የባለሙያው ፈንታ፣ በበጋ መጀመሪያና መጨረሻ ማሽኑን ማጽዳት፣ የተጠራቀመውን መዝገብ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ድምፁ ሲለወጥም ጆሮን ሳይደፍኑ ምክንያቱን መፈለግ ነው። በዚህ መንገድ የተያዘ ኃይል ማቀበያ በጉና ግርጌም ቢሆን ዕድሜውን ይጨርሳል።