ከካርቶን መርከብ የተገኘ ትምህርት

(በጅቡቲ ከተማ በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ ምን ይዤ እንደምቀርብ ብዙ አስቤ ነበር። በመጨረሻም በጠረጴዛው ላይ የምታዩአትን ይህችን መርከብ ይዤ መጣሁ። ርዝመቷ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። አካሏ ከብስኩት ካርቶን፣ ሸራዋም ካረጀ ነጠላ የተቈረጠ ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ምናልባት አታዩት ይሆናል እንጂ፣ ቀርባችሁ ብትመለከቷት ጀርባዋ እንደ ማጭድ ወደ ቀኝ የተጣመመ ነው። ተማሪዎቼ ቀጥ ያለች ሌላ መርከብ ሠርተዋል፤ እርሷ በክፍላችን መስኮት ላይ ቆማለች። ወደ እናንተ ያመጣሁት ግን እኔ ራሴ የሠራኋትን ጠማማዪቱን ነው፤ የምናገረው ነገር ከእርሷ መጣመም የተገኘ ነውና።

በጅቡቲ ለሚኖር ሰው ባሕርን ማየት ድካም የለውም። ከተማዪቱ ራሷ የወደብ ልጅ ናት። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1888 ተመሥርታ፣ በ1917 የምድር ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ብዙ የኢትዮጵያ ንግድ በእርሷ በኩል ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ያንኑ የቆየ ዝምድና አድሶታል። ዛሬ በዶራሌ ታላላቅ ክሬኖች ኮንቴይነር ሲያነሡና ሲጥሉ ይታያሉ። በሌላው ወገን ደግሞ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጠው ወደ የመን የሚመላለሱ የእንጨት ጀልባዎች አሉ። በፈረንሳይኛ ቡትር ይሏቸዋል፤ ከዐይነታቸውም አንዱ ሳምቡክ ይባላል። ዛሬ የሚጓዙት በሞተር ኀይል ቢሆንም፣ የአካላቸው ቅርጽ ከሸራው ዘመን የተወረሰ ነው። የአገሪቱ የ10 እና የ20 ፍራንክ ሳንቲሞችም የሸራ ጀልባ ሥዕል ተቀርጾባቸዋል። እንግዲህ ልጆቻችን መርከብን በየቀኑ በዐይናቸው ያዩታል፤ በመዳፋቸውም ጨብጠው ወደ ሱቅ ይሄዳሉ። ነገር ግን መርከብ እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቋቸው፣ እኔም እንደ ነበርሁት፣ ዝም ይላሉ።

ይህ ጥበብ ለወገናችን ባዕድ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ በዚህ ባሕር የሚመላለሱት ጀልባዎች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ጽፎአል። ዐፄ ካሌብ በ525 ሠራዊቱን ወደ የመን ያሻገረው ይህንኑ ቀይ ባሕር አቋርጦ ነው። በጣና ሐይቅም እስካሁን ድረስ ገበሬው ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳውን በእጁ ይሠራል። የጣና ልጅ ታንኳን የሚማረው ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ ነው። የከተማ ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ትምህርት ከማን ያገኛል? ከእኛ ካላገኘ ከማንም አያገኝም።

ይህን በማሰብ በዕረፍት ሰዓት መርከብ ለመሥራት ተነሣሁ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ምርጫዬ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ሦስት ምሰሶና እጅግ ብዙ ገመድ ያለውን የኤውሮጳ መርከብ መረጥሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከተወሳሰበ ክርና ከተቈራረጠ ካርቶን በቀር በእጄ የቀረ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወደማየው ወደ ሳምቡክ ተመለስሁ። ለጀማሪ የሚሻለው አካሉ አንድ ወጥ የሆነ፣ ምሰሶው አንድ፣ ሸራውም አንድ የሆነ ጀልባ ነው።

የቀድሞዎቹ የባሕር ጠራቢዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከውጭው ልባስ ነበር። ሳንቃውን እርስ በርሱ እያጋጠሙ አካሉን ካቆሙ በኋላ፣ የጎድን አጥንቱን ከውስጥ ያስገባሉ። ንድፍ በወረቀት ላይ አይሥሉም፤ ልኩ ያለው በዐይናቸው ነው። ጀማሪ ግን ይህ ዐይን ስለሌለው መንገዱን መገልበጥ አለበት፤ አስቀድሞ አጥንቱን ያቁም፣ ቀጥሎ ልባሱን ያልብስ።

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጥ። እውነተኛው ጀልባ 20 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ወርድ አለው ብንል፣ በ50 ስናካፍለው 40 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከጠንካራ ካርቶን አንድ አከርካሪ ይቈረጣል፤ ይኸውም ጀልባውን ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት ብንሰነጥቀው የሚታየው ቅርጽ ነው። ቀጥሎ ዘጠኝ ያኽል የጎድን አጥንቶች ይዘጋጃሉ። ወረቀት ለሁለት ታጥፎ ግማሹ ብቻ ተሥሎ ቢቈረጥ፣ ሲዘረጋ ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል ይሆናል። በአከርካሪው ላይ ከላይ፣ በጎድን አጥንቱ ላይ ከታች እስከ መካከል ድረስ ስንጥቅ ይወጣና አንዱ በአንዱ ውስጥ ይሰካል። የስንጥቁ ስፋት ከካርቶኑ ውፍረት ጋር መተካከል አለበት፤ ቢሰፋ አጥንቱ ይወላገዳል፣ ቢጠብብ ካርቶኑ ይታጠፋል።

ከዚያ ልባሱ ይመጣል። ካርቶን እንደ እንጨት ጅማት አለው፤ በአንድ ወገን በቀላሉ ይተጣጠፋል፣ በሌላው ወገን እንቢ ይላል። ለጎኑ የሚተጣጠፈውን፣ ለአከርካሪው እንቢ ያለውን መምረጥ ነው። የጀልባው ሆድ ሰፊ ጫፉ ጠባብ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት። በመካከለኛው አጥንት ላይ የአንዱ ጎን ዙሪያ 84 ሚሊ ሜትር ቢሆንና በ14 ቁራጭ ብንሸፍነው፣ የአንዱ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ነው። በፊቱ ጫፍ አጠገብ ዙሪያው 56 ቢሆን ግን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ማካፈልን የጠላ ልጅ ይህን ስሌት ሳይታዘዝ ሲሠራው አይቻለሁ፤ ቁራጩ አልገጥም ያለው እንደ ሆነ ራሱ ተመልሶ ያሰላዋልና።

አሁን ወደ መጣመሙ ልምጣ። አጥንቱን ካቆምሁ በኋላ ቶሎ ለመጨረስ ጓጓሁ። የቀኙን ጎን በአንድ ማታ ከላይ እስከ ታች ለጥፌ፣ ኮላው እንዲደርቅ የልብስ መቆንጠጫ አድርጌ ተኛሁ። ሲነጋ ባየው መርከቢቱ ጎብጣ አደረች። ኮላው ካርቶኑን አርሶት ነበር፤ ሲደርቅ ተኰማትሮ አከርካሪውን ወደ ራሱ ጎተተው። ግራው ባዶ ስለ ነበረ የሚመልሰው ኀይል አልነበረም። የጅቡቲ አየር እርጥበት ደግሞ ቀጭን ካርቶንን ለማለስለስ ሰበብ አይፈልግም።

ጠማማዪቱን ወደ ክፍል ወስጄ ስሕተቱ ምን እንደ ሆነ ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ ኮላውን፣ አንዳንዶቹም ካርቶኑን ነቀፉ። በመጨረሻም ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን ሳያወጣ፣ «ጋሼ፣ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ እያፈራረቁ ቢለጥፉት ኖሮ እኩል ይጎትተው ነበር» አለ። መልሱ ትክክል ነበር።

ክቡራን ሆይ፤ ይህ ልጅ ከጥቂት ሳምንት በፊት የሥላቸው ሦስት ማዕዘኖች ጠማማ ስለ ሆኑ በጓደኞቹ ፊት የዘለፍሁት ልጅ ነው። «ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር ምን ዕውቀት ያስፈልጋል?» ብዬው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሩን ወደ እኔ ይዞ መምጣት ትቶ ነበር። እኔም ስንፍና ነው ብዬ ጽፌበታለሁ። የራሴ መርከብ ጠማማ ሆና ባየሁ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ሐሳቤ «ሰነፍሁ» የሚል አልነበረም፤ ምክንያቱን መፈለግ ጀመርሁ። ለራሴ የፈቀድሁትን ፍለጋ ለልጁ ነፍጌው እንደ ነበር ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው። በኋላ ሲሥል ቀርቤ ብመለከት፣ ማስመሪያው ጥርሱ የተሸራረፈና መካከሉ የተሰበረ ነበር። ሌላ አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሁለተኛዪቱን መርከብ በእርሱ ምክር ጀመርን፤ አንድ ከቀኝ፣ አንድ ከግራ። ትንንሾቹ በመቀስ ሲሠሩ ምላጩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በቀን ከአራት ቁራጭ በላይ አንለጥፍም ነበር። አከርካሪው እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ቆየ። ሸራው ከመሰቀሉ በፊት ግን የልጁ ቤተ ሰብ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። በጓደኞቹ ፊት ዘልፌው ነበር፤ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ከዛሬ ነገ ስል ሳይሆንልኝ ቀረ። ጠማማዪቱን መርከብ ሸራ አልብሼ ያስቀመጥኋት ስለዚህ ነው።

በአድባራቱ የቁም ጸሐፊ ደቀ መዝሙር ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን መፋቅ፣ ዳሩን በወስፌ ነጥቦ መስመሩን ማስመር ይማራል። አባቶቻችን እጅን ከልብ ለይተው አላስተማሩም። እኛ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ስንጨምር ይህንን ረስተነዋል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የእጅ ሥራ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ተብሎ እንዳይቀር፣ ከሒሳብና ከጂኦሜትሪ ጋር ተያይዞ ሰዓት ይሰጠው። ገንዘብ የለም የሚል ምክንያት እዚህ አይሠራም፤ ካርቶኑን ባለ ሱቁ በየማታው የሚጥለው ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚያስፈልገው ኮላ፣ መቀስ፣ ማስመሪያና ክር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የተበላሸው ሥራ አይጣል። ለምን እንደ ተበላሸ ልጁ በራሱ ቃል ጽፎ ከሥሩ ይለጥፍበትና ከመልካሙ ጎን ይቀመጥ። ካርቶን ርካሽ ነው፤ በርካሽ ነገር ተሳስቶ የተማረ ልጅ በውድ ነገር ላይ ይጠነቀቃል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን በየዓመቱ አንድ የማናውቀውን ሥራ በተማሪዎቻችን ፊት እንጀምር። ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር አለማወቅ ምን እንደሚመስል ይዘነጋል፤ የዘነጋም እንደ ሆነ የሚናገረው ቃል ስለታም ይሆናል። ጀማሪነትን በየዓመቱ የሚቀምስ መምህር ግን ጠማማ መስመር ባየ ጊዜ ከመፍረዱ በፊት ማስመሪያውን ይመረምራል።

መርከቢቱን ከንግግሬ በኋላ በእጃችሁ አንሥታችሁ እንድትመለከቷት እለምናለሁ። የውስጧን አጥንት ለማየት በግራ በኩል ያልተሸፈነ ቦታ ትቼላችኋለሁ።