ያለ ደወል መነሣት



ስለ በጎ ልማድ በተነገረ ቁጥር ተማሪው ብርቱ ፈቃድ እንዲኖረው ይመከራል፤ ፈቃዱ ከየት እንደሚገኝ ግን አይነገረውም። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይህ ጉድለት አይታይም፤ ደወል አለና። ደወሉ ያስነሣል፣ ያሰልፋል፣ ለጥናት ያስቀምጣል። እጩው መምህር በማለዳ የሚነሣው በራሱ ልማድ ይሁን በደወሉ ኀይል የሚለየው፣ ተመርቆ ደወል ወደሌለበት ገጠር በተላከ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ደወል ዝም በሚልበት ስፍራ መመልከት ይሻላል። በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ጋርጉር እንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ኤርትራውያን ስደተኞች በብዛት ወደ ሱዳን መግባት የጀመሩት በ1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኡም ጋርጉርም ለእነርሱ ከተቋቋሙት ሰፈሮች አንዱ ነው። የአገሩ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው እግርንም መኪናንም ይይዛል። ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ የሰሊጡና የማሽላው አጨዳ ይደርስና ክንድ ያለው ሁሉ ለቀን ሥራ ይፈለጋል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በገዳሪፍም የመማሪያ ክፍሎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ማደሪያ ሆኑ።

ነገር ግን ከጭቃውና ከአጨዳው ይልቅ ልማድን የሚያፈርስ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም መጠበቅ ነው። ስደተኛ «ለከርሞ እንመለሳለን» እያለ ይከርማል። ነገ ለሚለቀቅ ግቢ ዛፍ አይተከልም፤ ነገ ለሚለቀቅ ቤትም የመጽሐፍ መደርደሪያ አይሠራም። እንዲህ ሲባል አንድ ትውልድ ያልፋል። ይህን ስንፍና ብሎ የሚሰይም መምህር ተማሪውን ይበድለዋል። ልማድ ከሰዓት፣ ከስፍራና ከቀደመው ሥራ ጋር ታስሮ የሚኖር ነውና፣ እነዚህ ሲናዱ አብሮ መናዱ አያስደንቅም።

የሚያስደንቀውስ ያልተናደው ነው። ድንበር ተሻግሮም እንኳ የቡናው ሥርዓት አልቀረም። እናቲቱ ፍላጎት እስኪመጣላት አትጠብቅም፤ አንዱ ሥራ ሌላውን ይጠራዋልና። ቡናው ሲታጠብ መቁያው ይፈለጋል፣ ሲቆላ ሙቀጫው ይቀርባል፣ ሲወቀጥ ጀበናው ይጣዳል። ልጇ አቦል ሲቀዳ መጽሐፉን ገልጦ በረካ እስኪደርስ ቢያነብ፣ ጦርነትም ክረምትም የማይነጥቁትን ደወል አገኘ። «ከዛሬ ጀምሮ እተጋለሁ» ከሚለው ተማሪ ይልቅ «አቦል ሲቀዳ ሁለት ገጽ አነባለሁ» የሚለው ሩቅ ይሄዳል፤ ሁለተኛው መቼና የት እንደሚጀምር ያውቃልና።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ተጠንቶ በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቀላል ተግባር መርጠው፣ በየቀኑ ከሚደርስ ከአንድ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከቁርስ ጋር፣ አያይዘው እንዲፈጽሙ ተደረገ። ተግባሩ ሳይታሰብበት የሚፈጸም እስኪሆን ድረስ የፈጀው ጊዜ በመካከለኛ ስሌት 66 ቀን ያህል ሲሆን፣ እንደ ሰዉና እንደ ተግባሩ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ይለያይ ነበር። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ካልተለወጠ ብሎ ልጁን የሚነቅፍ መምህር ቸኩሏል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጀምስ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ አዲስ ልማድ ሥር እስኪሰድ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ መጓደል የለበትም ሲል መክሮ ነበር። ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ግን አንድ ቀን መጓደሉ ያን ያህል እንደማይጎዳ አሳይቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል የሚረሳው ዶሮዋ ናት፤ እርሷም ቢሆን እህል ለመልቀም ከእንቁላሏ ላይ ትነሣለች፣ እንቁላሉም ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። በአጨዳ ምክንያት አንድ ሳምንት የቀረው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህን የመመለስ ፈቃድ ነው። ዳግመኛ ሲመጣ በመላው ክፍል ፊት የሚወቀስ ከሆነ፣ መቅረቱ ራሱ ልማድ ይሆንበታል።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ኦሊምፒኮች በማራቶን ከድል በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ። በማግሥቱ ዓመት ግን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ሲወዳደር ታየ። የሩጫው ልማድ የታሰረባቸው እግሮች ከድተውታል፤ ልምምዱ ግን በክንዱ ቀጠለ።

እንግዲህ በማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ በመጨረሻው መንፈቅ የጥናት ደወሉ ባይደወል፣ እጩዎቹም የየራሳቸውን ሰዓትና ምልክት መርጠው በደብተር ቢመዘግቡ መልካም ነው። አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ተኝተው ይገኙ ይሆናል፤ በማሠልጠኛው መገኘታቸው ግን ሠላሳ ሕፃናት በር ላይ ቆመው በሚጠብቁበት ቀን ከመገኘታቸው ይሻላል። ከክረምት ወይም ከአጨዳ ለተመለሰ ልጅም የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ቀረህ?» ከሚሆን፣ «ቤታችሁ ቡና የሚፈላው ስንት ሰዓት ነው?» ቢሆን የተሻለ ነው።